ሐሙስ የአያ ጅቦ ተራ ነው

አንድ ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይበላ በተማማለበት መንደር ውስጥ አንዲት አህያ ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ አመዲት ትባላለች፤ ስሟን ያወጣላት አባቷ ነው፣ የራሱን አመድማ ጠጉር ስላየባት። አባቷ አሁን የለም። አንድ ቀን ጨው አድርሶ ሲመለስ ጠማውና ከመንደሩ ርቆ ወደሚገኝ ምንጭ ወረደ። ጭቃው ላይ የነብር ዱካ ነበር፤ ገና ውሃ ያልቋጠረ፣ ትኩስ። አባትየው ግን ዱካ ማንበብ አልተማረም። በዱካው ላይ ተራምዶ አለፈ። መሐላው ደግሞ ከመንደሩ አጥር አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ አህያይቱ ብቻዋን ጨው ትጭናለች። ማታ ስትመለስ በጋጣው ውስጥ የእሱን ቦታ ትታ ትተኛለች። ብዙ አታወራም። ለልጇ ግን አንድ ነገር ደጋግማ ትነግራት ነበር፦ «አባትሽ ዱካውን አይቶታል። አየው እንጂ አላነበበውም። አንቺ ታነቢያለሽ።»

ዱካ የሚያስተምሩት የኔታ ኤሊ ነበሩ። የኔታ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ነው። ዱካ ማንበብን፣ የሚበላውን ቅጠል ከመርዛማው መለየትን፣ ጎርፍ ሳይመጣ ደመናውን ማወቅን ያስተምራሉ። «ለምን እሳቸው ወደ መንደራችን አይመጡም?» ብሎ የጠየቀ ነበር። የኔታ ግን ኤሊ ናቸው። ዛሬ ቢነሡ፣ መንደር እስኪደርሱ ተማሪዎቹ ወልደው ከብደው ይቆዩዋቸው ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ይሄዱላቸዋል።

መንገዱ ግን ለብቻው ለሚሄድ ልጅ አይሆንም። ጥቅጥቅ ያለ የአጋም ቁጥቋጦ አለ፤ ከቁጥቋጦው ቀጥሎ ወንዙ አለ። መንደሩ ተመካከረና ተራ አወጣ። ሰኞ የበሬ፣ ማክሰኞ የእመት በጊት፣ ረቡዕ የእመት ፍየል፣ ሐሙስ የሽማግሌው ፈረስ፣ አርብ የአህያ። ተረኛው ጠዋት አምስቱን ልጆች፣ ጥጃውን፣ ጠቦቱን፣ ሁለቱን የፍየል ግልገሎችና አመዲትን፣ ከየቤታቸው ይሰበስባል። ያሻግራቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ ሲለቀቁ መልሶ ለየወላጃቸው ያስረክባል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሆን አንድም ልጅ አልጎደለም።

ታዲያ ሽማግሌው ፈረስ ቆላው አልስማማው ብሎ ወደ ደጋ ተዛወረ። ሐሙስ ባዶ ቀረ።

እሑድ ረፋዱ ላይ መንደሩ በአንበሳ ፊት ተሰበሰበ። አንበሳ አርጅቷል። ጥርሶቹ ከረገፉ ቆይተዋል፤ «ጌታዬ» ሲሉት ግን አሁንም ደረቱን ይነፋል።

«ሐሙስን ማን ይያዝ?» ብሎ ጠየቀ።

ቀበሮ ብድግ አለ። ከኋላው ጅብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ አንድ ጎረቤት አለን» አለ ቀበሮ። «አጥር ሲታጠር አብሮ አጥሯል። ለቅሶ ሲሰማ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል።»

«እሱስ እውነት ነው፤ ለቅሶ አምልጦት አያውቅም» አለች ፍየል በበግ ጆሮ።

«እስከ ዛሬ ግን» ቀበሮ ቀጠለ፣ «አንድም ቀን ተራ ደርሶት አያውቅም። ተራ የማይደርሰው ጎረቤት፣ ጎረቤት ነው ወይስ እንግዳ? አብረን ማልን፣ አብረን አጠርን፣ ተራ ሲሆን ዘለልነው። ይህ በማን አገር ይደረጋል? አያ ጅቦ ቅር ብሎታል።»

«ቅር ብሎኛል» አለ ጅብ።

በሬ ማመንዠኩን አቆመ። በግ መሬት መሬት አየች። እያንዳንዱ ወላጅ የጅብን ጥርስ ያያል፤ የልጁን አንገት ያስባል፤ ከዚያ ደግሞ ጅብ ቅር እንዳለው ያስታውሳል።

«እንግዲህ» አለ በሬ፣ ሌላ ሰው ያቋርጠኛል ብሎ ተስፋ እያደረገ። «እንግዲህ አያ ጅቦ ምን ይጎድለዋል?»

«ጥርስ አይጎድለውም» አለች ፍየል በሹክሹክታ።

«ጮክ ብለሽ ተናገሪው እንጂ!» አለቻት በግ።

«ምን ብዬ? ፊት ለፊቱ ጅብ ነህ ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ? አንቺ ተናገሪ።»

«እኔማ ጎረቤቱ ነኝ፤ ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

አህያ አፏን ከፈተች። ነገር ግን ሁሉም ዞሮ ሲያያት፣ «ባል የሌላት ሴት ጉባኤ ትበጠብጣለች» እንዳይሏት ፈራች። ያዛጋች መስላ አፏን መልሳ ዘጋች።

«ተቃዋሚ የለም» አለ አንበሳ። «ሐሙስ የአያ ጅቦ ተራ ነው።»

ከጉባኤው ሲመለሱ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ቀበሮን ጠየቀው፦ «አምስት ናቸው አልከኝ?»

«አምስት። አንድ ብቻ ነው የምታስቀረው፤ ወንዝ ወሰደው እንላለን። የእኔን ድርሻ ግን እንዳትረሳ።»

«አልረሳም። ኩላሊት ትወዳለህ?»

«ቀስ በል! ይሰሙሃል።»

ሐሙስ ደረሰ። ጅብ በጠዋት ተነሥቶ ወደ በግ ደጅ ሄደ።

«እመት በጊት፣ እንደምን አደርሽ? ጠቦቱን ልወስደው መጥቼ ነበር።»

«ውይ አያ ጅቦ! ምን ይሻለኛል? ሌት ሙሉ ሲያስለው አድሮ ገና አሁን ተኛልኝ።»

«ምሕረቱን ያውርድለት» አለና ወደ ፍየል ሄደ።

«ዛሬስ አይሆንም» አለችው ፍየል። «አጎታቸው ከሩቅ አገር መጥቶ ልጆቹን ካላየሁ አለ።»

ከቤቱ ውስጥ የአጎት ድምፅ አልተሰማም። ጅብ ግን አላስተዋለም።

በሬ ደጅ ሲደርስ፣ በሬ የሚለው ጠፋበት። «ጥጃው... ዛሬ ይጾማል» አለ።

«ሐሙስ ይጾማል እንዴ?»

«እኛ ቤት ይጾማል።»

በመጨረሻ ወደ አህያ ሄደ። አህያ በሩን በጎኗ ሸፍና ቆማለች። «አመዲት እግሯን ወለም ብሏታል» አለችው። በዚያው ቅጽበት አመዲት ከኋላዋ ሁለት ጊዜ ዘለለች።

«ያማታል ማለት ነው፤ እንዴት እንደምትወራጭ!» አለ ጅብ አዝኖ፣ ሆዱ እየጮኸ ተመለሰ።

ያን ቀን ወላጆቹ ሁሉ ደስ አላቸው። ማንም አልተቀየመ፤ ማንም አልተበላ። «በሳምንት አንድ ቀን ቢቀር ምን አለ?» ተባባሉ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሳሉ፣ እንግዳና ጾሙ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወር ጀመር። አንድ ሐሙስ በግና ፍየል ሳይመካከሩ ሁለቱም የአጎት እንግዳ ስላመጡ፣ ጅብ «ይህ አጎት ስንት ቤት ያድራል?» ብሎ ተገርሞ ሄደ።

ቀበሮ ግን እንደ ጅብ አይደለም።

«ሞኝ ነህ» አለው። «ባንተ ቀን ልጅ ይደብቃሉ። ቀኑ ሁሉ ያንተ ቢሆን እስከ መቼ ይደብቃሉ? ወይ ይልኩልሃል፣ ወይ ልጆቹ ያለ ተረኛ በየሜዳው ይበተናሉ። ሁለቱም ይጠቅምሃል።»

«ቀኑን ማን ይሰጠኛል?»

«አትጠይቅ። እዘንላቸው።»

ጅብም ሄዶ አዘነላቸው። በሬን፣ «የእርሻ ወቅት ነው፤ ደክሞሃል። ሰኞን እኔ ልያዝልህ» አለው። በሬ እንቢ ለማለት ቃል ፈለገ፤ እንደዚህ ላዘነለት ጎረቤት የሚሆን እንቢታ አጣ። «እግዜር ይስጥህ» አለ፣ ፊቱን ወደ ሣሩ አዙሮ። በግ ገና መውለዷ ነበርና ማክሰኞን አስረከበች። ፍየል ደግሞ፣ «እነሱ ከሰጡ እኔ ብቻዬን ክፉ ልሆን ነው?» ብላ ረቡዕን ለቀቀች።

አርብ ብቻ ቀረ። አህያ አርቧን አልሰጠችም። ጅብ ሦስት ጊዜ መጥቶ አዘነላት፤ ሦስቱንም ጊዜ፣ «አልደከመኝም» አለችው።

ከወር በኋላ የኔታ ኤሊ በርግብ መልእክት ላኩ፦ «በአርብ የተከልኩትን እስከሚቀጥለው አርብ ወፍ እየበላው ነው። ልጆቼን ምን ነካብኝ?»

መልሱን የጻፈ አልነበረም።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ትልልቆቹ ሥራ ሲወጡ ልጆቹ ቤት ይውላሉ። መጀመሪያ ቤት ዋሉ፤ ከዚያ ደጅ፤ ከዚያ ሜዳ። አንደኛዋ የፍየል ግልገል ያልተማረችውን ቅጠል በልታ ሁለት ቀን ሆዷን ይዛ አለቀሰች። አህያም ጨው ጭና ስትሄድ አመዲትን ብቻዋን ትታት ትወጣለች። «ከደጅ እንዳትወጪ» ትላታለች። ከዚህ ሌላ የምትሰጣት መዝጊያ አልነበራትም።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አህያ ከመንገድ ስትመለስ፣ በቤቷ ዙሪያ በአቧራው ላይ ዱካ አየች። አንድ ጊዜ አይደለም የዞረው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆሟል፣ ተቀምጧል፣ ተነሥቶ እንደገና ዞሯል።

«አመዲት!» ብላ ጮኸች።

«አቤት እማዬ!» አመዲት ከውስጥ ወጣች፣ ጭድ በአፏ ይዛ፣ ደህና።

አህያ ልጇን ከራስ እስከ እግር አሸተተቻት። ከዚያ በአፍንጫዋ ወደ መሬት አመለከተች። «የማን ነው?»

አመዲት አጎነበሰች። ፊቷ በራ፤ ታውቀው ነበርና። «ጣቱ አራት ነው። ጥፍሩ ወጥቶ ይታያል። የፊተኛው እግር ከኋለኛው ይሰፋል...» ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። «ተምረነው ነበር። አውቀው ነበር እኮ፣ እማዬ! ስሙ ጠፋብኝ።»

«አስቢ።»

«የውሻ ነው?» አለች አመዲት፣ እናቷን ለማስደሰት ያህል። ከዚያ ደግሞ፣ «ዱካውን ረግጬ ልግባ? ቀዝቅዞኛል» ብላ በላዩ ተራምዳ አለፈች።

አህያ እዚያው ቀረች። ባሏ ወደ ምንጩ ሲወርድ ያየችው መሰላት። ልጇን ከመንገዱ ክፉ ለመጠበቅ ከትምህርት አስቀረቻት፤ ክፉው ግን መንገዱን ትቶ ደጇ መጥቷል፤ ልጇም ክፉውን የምታውቅበት ዓይን እየጠፋባት ነው። አንዱን ለማዳን ብላ ሁለቱንም ልታጣ ነው። ጨዋነቷን ያን ጊዜ ጠላችው።

ጨው ያራገፈችበት ጀርባዋ ሳይደርቅ ወደ አንበሳ ሄዳ ጉባኤ ጠየቀች።

በማግሥቱ ሁሉም ተሰበሰቡ። አህያ መሐል ገብታ ቆመች። አህያ ጉባኤ ላይ ስትናገር የሰማ ስላልነበረ፣ በሬ «ታምማለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አያ ጅቦ» አለች አህያ።

«አቤት እመት አህዪት።»

«አንተ ጅብ ነህ።»

ጉባኤው «ኧረ!» አለ። በግ ዓይኗን ጨፈነች። ቀበሮ ተነሥቶ ጮኸ፦ «ስድብ ነው! ጌታዬ፣ በፊትዎ ነው የተሰደበው!»

«አልተሰደበም» አለች አህያ። «እኔም አህያ ነኝ። ማንም ጠላት አስፈራሪ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚጭኑኝ ጨው ነው። ሁሉም የሚሆነው ሥራ አለው። አጥር ይጠር፣ አመሰግናለሁ። በሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ መንደሩን ይጠብቅ፣ ድምፁ ያስፈራል። የልጆች መንገድ ግን ለእሱ አይሆንም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አጎት የመጣው ለዚህ ነው፤ ጥጃው ሐሙስ ሐሙስ የሚጾመው ለዚህ ነው።»

«አይጾምም?» አለ ጅብ።

በሬ ሳል ያዘው።

ቀበሮ ግን አልተሸነፈም። «ማስረጃሽ የታል? አያ ጅቦ ከተሾመ ወዲህ የጎደለ ልጅ አለ? አንድ የጎደለ ልጅ አሳዪን!»

«የጎደለ ልጅ ያለ ዕለት ማስረጃ ይኖረኛል» አለች አህያ። «ልጅ ግን አይኖረኝም።»

ይህን ስትል ፍየል ወደ አህያ ጠጋ ብላ ቆመች።

«ወሬ ነው!» አለ ቀበሮ። «ተራ ተራ ነው። ሕጉ የሚለው፣ ተረኛ ሆኖ የተሾመ ይሄዳል ነው። አያ ጅቦ ልክ እንደ እናንተ ነው።»

«እሺ» አለች አህያ። «ልክ እንደ እኛ ከሆነ፣ እኛ እርስ በእርስ የምንጠያየቀውን ልጠይቀው። ቀኑ ረጅም ነው። ተረኛ ከጠዋት ጀምሮ ልጆቹ እስኪለቀቁ ማዶ ይቀመጣል። እኔ ገለባ ይዤ እሄዳለሁ። በሬ፣ አንተስ?»

«እኔ ጭድ፤ አንዳንዴም አገዳ።»

«እመት በጊት?»

«ጎመን ካለ ጎመን።»

«አያ ጅቦ፣ አንተስ ስንቅህ ምንድን ነው?»

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠ። «አጥንት በል!» አለው በጥርሱ መካከል። «አጥንት በል!»

ጅብ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበር። ስንቅ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዓይኑ ፈዘዘ፤ ምራቁ ሞላ። ሳቀም። «እመት አህዪት ደግሞ ቀልድ ታውቂያለሽ! ስንቄ በእግሩ እየሄደልኝ እኔ ለምን እሸከማለሁ?»

ማንም አልሳቀም።

ጅብ ግራ ቀኝ አየ። «ምን አልኩ?» ብሎ ወደ ቀበሮ ዞረ።

ቀበሮ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ መልእክተኛ ብቻ ነኝ» አለ። «እንዲያውም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር።»

«ኩላሊቱንስ?» አለው ጅብ።

በሬ ቀንዱን ወደ መሬት አድርጎ አገሳ። ለወራት የዋጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣበት። «ግልገል አለው! ከዋሻው ውስጥ ግልገል አለው! ግልገሉን አምጡ፣ መያዣ ይሁን! የእኛ አንድ ቢነካ የእሱን...»

«ይምጣ! ይምጣ!» አለ ጉባኤው።

የጅብ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተኙ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆዱ ማሰብ አቆመ። «እሱ ገና ነው» አለ። «ገና ሕፃን ነው። ምንም አላደረገም።»

አህያ በጅብና በበሬ መካከል ገባች።

«ልጅ መያዣ አይሆንም» አለች። «የእኔም፣ ያንተም፣ የእሱም። የጅብ ልጅም ልጅ ነው።» ከዚያ ወደ ጅብ ዞረች። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ክረምት አይቷል።»

«ስሙ?»

«ጎርፉ። ጎርፍ በመጣ ቀን ነው የተወለደው።»

«ዱካ ያነባል?»

«እኔስ መቼ አነባለሁ?» አለ ጅብ። «አጥንት ሲጠብቅ ይውላል።»

«እንግዲያው አጥንቱን ራስህ ጠብቅ። ሰኞ ጎርፉን ይዘህ ና። ወንዙ ዳር ድረስ ታደርሰዋለህ፤ ከወንዙ ዳር አታልፍም። እኛ እናሻግረዋለን።»

«ጅብ?» አለች በግ። «ከልጆቼ ጋር?»

«የኔታ ሳያስተምሩት አድጎ ከሚመጣብሽ፣ ተምሮ ቢመጣ ይሻልሻል» አለች አህያ። «የኔታ መሐል ያስቀምጡታል፤ ተረኛም ከጎኑ ይሁን። ልጆቻችንን ከእሱም መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው፤ እሱንም ማስተማር።»

አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲያንቀላፋ የነበረ አስመስሎ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ቃል አላመለጠውም።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አለ። «ለልጆች ጠባቂ ስመርጥ ባደባባይ ጠየቅኋችሁ። ባደባባይ ማን ይናገራል? ከእንግዲህ ጠባቂ የሚመረጠው በጆሮዬ ነው። እያንዳንዷ እናት፣ እያንዳንዱ አባት፣ አንድ በአንድ መጥተው በሹክሹክታ ይነግሩኛል። ያልፈለገውን አልፈልግም ይበል፤ ማን እንዳለ እኔ አልናገርም። ጥርሴ ረግፏል፤ ጆሮዬ ግን አለ።» ትንሽ አሰበና ደረቱን ነፋ። «ለምሳሌ ሐሙስን እኔው ራሴ ልያዘው። ኑ፣ ንገሩኝ።»

አንድ በአንድ መጡ፣ አንድ በአንድ ሹክ አሉት። የመጨረሻዋ ስትመለስ አንበሳ ጢሙን ላሰ።

«ደህና» አለ በመጨረሻ። «ሥርዓቱ ይሠራል ማለት ነው። ሌላ ሰው እንፈልግ።»

ያን ጊዜ እስካሁን ከኋላ ቆማ የነበረችው በቅሎ ወደፊት ወጣች። «እኔ ልጅ የለኝም» አለች። «እንዲሰጠኝም አልጠብቅም። ጉልበት ግን አለኝ፤ ሐሙስም ሥራ የለኝም።» እንደገና ሹክሹክታ ሆነ። አንበሳ በዚህ ጊዜ ፈገግ አለ። «ሐሙስ የበቅሎ ነው።»

በሬ፣ በግና ፍየል የለቀቁትን ቀን ሳይጠየቁ መልሰው ያዙ። ቀበሮ የጉባኤ ንግግር ለአንድ ዓመት ተከለከለ፤ ይህ ለቀበሮ ከረሃብ ይብሳል።

ሰኞ ጠዋት ጎርፉ መጣ። ትልቅ ራስ፣ አጭር የኋላ እግር፣ ሁሉን የሚፈራ። ልጆቹ ተጠጋግተው ቆሙ። ጎርፉም ከአባቱ እግር ሥር አልወጣ አለ።

«ይነክሳል?» ብላ ጠየቀች አንደኛዋ የፍየል ግልገል።

«አንቺስ ትወጊያለሽ?» አለ ጎርፉ።

«እወጋለሁ።»

«እኔም እነክሳለሁ» አለ ጎርፉ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

«እንግዲያው ተኳርፋችሁ ሂዱ» አለ በሬ፣ ጎርፉን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ከጎኑ አስገባው። «ከእኔ እንዳትርቅ። ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ስድስት ልጆች ወንዙን ተሻገሩ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አህያ ጨው አራግፋ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። ተራዋ አልነበረም፤ አመዲት ስትሻገር ማየት ስለምትወድ ብቻ ነው። ከማዶ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ የየኔታን ጥያቄ ተከትለው ሁሉም በአንድነት ይመልሳሉ፤ ከሁሉም አንድ ጎርናና ድምፅ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ደህና ቀን አልዋለችም። ባሏ ቢኖር ኖሮ ከጎኗ ቆሞ ጆሮውን ያወዛውዝ ነበር ብላ አሰበች፤ ማሰቡም እንደ ወትሮው አልከበዳትም።

ጅብ ከእሷ ቀድሞ እዚያ ተቀምጧል። ከተፈቀደለት ወሰን አንድ ጣት አላለፈም።

«እመት አህዪት» አላት፣ «ዛሬ ተረኛው በሬ ነው አይደል?»

«በሬ ነው።»

«በሬ ከቀትር በኋላ ያንቀላፋል። ባለፈው ሳምንትም አይቼዋለሁ። አንድ አውሬ ቢመጣስ? ለአንበሳ በጆሮው ልነግረው ነው።»

አህያ ሳቋን ዋጠች። «ንገረው።»

በዚህ መሐል ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። እየሮጠ ስለመጣ ይተነፍሳል። «አያ ጅቦ! ተነሥ! ከወዲያኛው ኮረብታ ሥር አንድ ግመል ሞቷል፤ ሙሉ ግመል! አሞራዎቹ ሳይወርዱ እንድረስ!»

ጅብ ብድግ አለ። ሆዱ እንደ ከበሮ ጮኸ። ምራቁ በደረቱ ላይ ወረደ። ወደ ኮረብታው አየ፤ ወደ ማዶ አየ፤ እንደገና ወደ ኮረብታው አየ። እግሮቹ ሁለቱ ወደዚያ፣ ሁለቱ ወደዚህ ሆኑ።

«ግመል ነው እኮ የምልህ!» አለው ቀበሮ።

«ሰማሁ» አለ ጅብ። ተመልሶ ተቀመጠ። «ልጄ ገና አልተሻገረም።»

አህያ ራቅ ብላ፣ ነገር ግን በዚያው ጥላ ሥር፣ አብራው መጠበቅ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው የልጆች መማርና የልጆች ደህንነት አንዱ በሌላው እንደማይለወጥና፣ ልጅን የሚጠብቅ ሲመረጥ ከይሉኝታ ይልቅ እውነትን መናገር እንደሚገባ ነው።